የፓናማ ቦይና ሦስቱ ዋና መሐንዲሶች፦ መተማመን በሥራ ቦታ እንዴት ይገነባል?

መግቢያ

የምሕንድስና ታሪክ በአብዛኛው የሚጻፈው ስለ ድንጋይ፣ ስለ ብረትና ስለ ሲሚንቶ ነው። ስለ አንድ ግድብ ስንማር ቁመቱንና የሚይዘውን የውሃ መጠን፣ ስለ አንድ ድልድይም ስንማር ርዝመቱንና የሚሸከመውን ክብደት እናጠናለን። ግድቡን የሠሩት ሰዎች በምን ዓይነት አስተዳደር ሥር እንደ ሠሩ፣ አለቃቸውን ያምኑት እንደ ነበርና እርሱም ያምናቸው እንደ ነበር ግን በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት በሥራ ላይ የቆየ መሐንዲስ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ዕቅድ የሚሰናከለው በስሌት ስሕተት ብቻ አይደለም። ስሌቱ ትክክል ሆኖ፣ መሣሪያው ተሟልቶ፣ ገንዘቡም ተመድቦ ሳለ፣ በሠራተኛውና በአመራሩ መካከል መተማመን በመታጣቱ ብቻ የተጓተተ ሥራ ብዙ ነው።

ይህ ችግር ይበልጥ ጎልቶ የሚታየው የሥራ ቦታ በሚለወጥበት ጊዜ ነው። አዲስ ኃላፊ ሲሾም፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ከሌላው ጋር ሲዋሐድ፣ አዲስ መሣሪያ ገብቶ የቀድሞው አሠራር ሲሻር፣ ሠራተኛው ከመግለጫው ይልቅ ድርጊቱን ይመለከታል። ኃላፊው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምን እንዳስቀደመና ምን እንዳስከተለ፣ ማንን እንዳነጋገረና ማንን እንዳለፈ በጥንቃቄ ይመዘግባል። ከዚያም በኋላ የሚሰጠው ትእዛዝ ሁሉ የሚተረጐመው በዚያው መዝገብ መሠረት ነው።

ጉዳዩን በረቂቅ ሐሳብ ከመተንተን ይልቅ በታወቀ የታሪክ ምሳሌ መመልከቱ የሚሻል ስለ መሰለኝ፣ የአትላንቲክንና የፓስፊክን ውቅያኖሶች ያገናኘውን የፓናማ ቦይ ሥራ መርጫለሁ። ሥራው በአሜሪካኖች እጅ በነበረበት ከ1904 እስከ 1914 ባለው ጊዜ ሦስት ዋና መሐንዲሶች ተፈራርቀውበታል። ቦታው አንድ፣ ዝናቡ አንድ፣ አፈሩም አንድ ሆኖ ሳለ፣ አንደኛው በዓመቱ ጥሎት ሄደ፤ ሁለተኛው ቁፋሮውን አስቁሞ ሥራውን አዳነ፤ ሦስተኛው ደግሞ ሠራተኛው ሳይወደው መጥቶ ከፍጻሜ አደረሰው። ልዩነቱ ከየት መጣ? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስ አሳስባለሁ።

የፈረንሳዮች ሙከራ

የፓናማን ምድር ቆርጠው መርከብ ለማሳለፍ በመጀመሪያ የተነሡት ፈረንሳዮች ነበሩ። መሪያቸው ፈርዲናንድ ደ ሌሴፕስ በ1869 የተከፈተውን የስዌዝ ቦይ ያስፈጸመ፣ ስሙ በዓለም የገነነ ሰው ነበር። ነገር ግን ሌሴፕስ ዲፕሎማት እንጂ መሐንዲስ አልነበረም። ስዌዝ ሜዳማና አሸዋማ ምድረ በዳ ነው፤ ፓናማ ግን ተራራ፣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ረግረግ፣ በዝናብም ወራት በድንገት የሚሞላው የቻግሬስ ወንዝ ያለበት አገር ነው። ሌሴፕስ ይህን ልዩነት አቃልሎ በመመልከት፣ በስዌዝ እንደ ተደረገው ሁሉ በባሕር ወለል ልክ የሚቆፈር ቦይ እንዲሠራ ወሰነ። በ1881 የተጀመረው ሥራ ብዙ ገንዘብና ብዙ ሕይወት ከበላ በኋላ፣ ኩባንያው በ1889 ከስሮ ፈረሰ።

ለውድቀቱ ከሚጠቀሱት ምክንያቶች ዋነኛው በሽታ ነው። በቢጫ ወባ፣ በወባና በሌሎችም በሽታዎች ያለቀው ሰው ወደ 20,000 እንደሚደርስ ይገመታል። በ1883 ዋና መሐንዲስ ሆኖ የመጣው ዡል ዲንግለር ሴት ልጁን፣ ወንድ ልጁንና ባለቤቱን በየተራ እዚያው በሞት ተነጥቋል። በዚያን ጊዜ ቢጫ ወባን የምታስተላልፈው ቢምቢ መሆኗ ገና አልተረጋገጠም ነበር። ከዚህም የተነሣ፣ ጉንዳን ወደ ሕሙማን እንዳይወጣ ተብሎ የሆስፒታሉ አልጋዎች እግሮች ውሃ በያዙ ሳሕኖች ውስጥ እንዲቆሙ ይደረግ ነበር። ቢምቢዋ በዚያው ውሃ ውስጥ ተራባች። በሽተኛውን ለመጠበቅ የተዘጋጀው ነገር በሽታውን የሚያዛምት ሆነ ማለት ነው።

ባለማወቅ የደረሰ ጉዳት ይቅርታ ሊያገኝ ይችላል። ኩባንያውን ስሙን ያሳጣው ግን እያወቀ የደበቀው ነገር ነው። ሥራው እየተሰናከለ ሳለ፣ ያጠራቀሙትን ጥቂት ገንዘብ በአክሲዮን ላይ ላዋሉት ተራ ሰዎች ሁሉ ነገር በመልካም ሁኔታ ላይ እንዳለ ይነገራቸው ነበር። ይህንንም ወሬ እንዲያሠራጩ ለጋዜጦች ገንዘብ ይከፈል፣ ለፓርላማ አባሎችም ጉቦ ይሰጥ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንዲሉ፣ ጉዳዩ በ1890ዎቹ መጀመሪያ ገሃድ ወጥቶ ለፍርድ ሲቀርብ፣ ፓናማ የሚለው ስም በፈረንሳይ አገር የማጭበርበር መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ።

ጥድፊያና ፍርሃት

አሜሪካኖች የፈረንሳዮቹን ንብረትና መብት በ40 ሚሊዮን ዶላር ገዝተው በሜይ 1904 ሥራውን ተረከቡ። ዋና መሐንዲስ ሆኖ የተሾመው በባቡር ሐዲድ ሥራ ልምድ ያለው ጆን ፊንድሊ ዋላስ ነበር። በአገር ቤት ያሉት ጋዜጦችና ፖለቲከኞች አፈሩ ሲበር ለማየት እጅግ ቸኩለው ስለ ነበር፣ ዋላስ ፈረንሳዮቹ ጥለዋቸው በሄዱት ያረጁ መኪናዎችና ቀጫጭን ሐዲዶች ቁፋሮውን ጀመረ። የቦዩ ዓይነት ገና አልተወሰነም፤ ለሠራተኛው በቂ ማደሪያና ምግብ አልተዘጋጀም፤ የተቆፈረው አፈር ወዴት እንደሚጣል እንኳ በወጉ አልታቀደም ነበር።

በዚህ ላይ የአስተዳደሩ ሁኔታ ተጨመረበት። ሥራውን የሚመራው ሰባት አባሎች ያሉት ኮሚሲዮን ሲሆን፣ ዋናው ጽሕፈት ቤት የሚገኘው በፓናማ ሳይሆን በዋሽንግተን ነበር። ጥቃቅን የዕቃ ግዢ ሳይቀር በጽሑፍ ተጠይቆ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በኮሚሲዮኑ ተመርምሮ እስኪፈቀድ ድረስ በቦታው ያለው መሐንዲስ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። ኮሚሲዮኑ ይህን ያደረገው የፈረንሳዮች ዓይነት ምዝበራ እንዳይደገም በመሥጋት ነበር። ሥጋቱ ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን በሥራው ላይ ያለውን ሰው ሁሉ እንደ ተጠርጣሪ መቍጠር ሆነ።

የጤና ጥበቃው ኃላፊ ዶክተር ዊልያም ጎርጋስ በኩባ ዋና ከተማ በሃቫና ቢምቢን በማጥፋት ቢጫ ወባን ለማጥፋት እንደሚቻል በ1901 ያስመሰከረ ሰው ነበር። የኮሚሲዮኑ አባሎች ግን የቢምቢውን ነገር እንደ ተረት ስለ ቈጠሩት፣ የጠየቀውን ዕቃ አላሟሉለትም። በ1905 ጸደይ ቢጫ ወባ በተነሣ ጊዜ ድንጋጤ ነገሠ። ከአሜሪካ የመጡት ሠራተኞች አብዛኛዎቹ ባገኙት መርከብ ሁሉ እየተሳፈሩ ሸሹ። ዋላስ ራሱ ከባለቤቱ ጋር ሲመጣ ሁለት የብረት የሬሳ ሣጥኖች አስጭኖ ነበር እየተባለ ይነገር ነበር። ወሬው እውነትም ሆነ ሐሰት፣ ሠራተኛው አምኖ መቀባበሉ ስለ አለቃው የነበረውን ግምት ያሳያል። ዋላስም በጁን 1905 ሥራውን ለቀቀ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር ለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ተስማሚ ምስክር ነው። አሜሪካኖች ገንዘብም፣ ዕውቀትም፣ መድኃኒቱን የሚያውቅ ሐኪምም ነበራቸው። ያጡት ማንን ማመን እንደሚገባቸው የሚያውቅ አመራር ነበር።

ቁፋሮውን ያስቆመው መሐንዲስ

በጁላይ 1905 የመጣው ጆን ፍራንክ ስቲቨንስ ትምህርቱን በአብዛኛው በሥራ ላይ የቀሰመ፣ በሰሜናዊ ምዕራብ አሜሪካ ተራራዎች ላይ ታላላቅ የባቡር መሥመሮችን ያወጣ መሐንዲስ ነበር። እንደ ደረሰ በቢሮ አልተቀመጠም። የሥራ ልብስና የጎማ ቦት ጫማ አድርጎ፣ ሲጋራውን እያጨሰ፣ መሥመሩን በእግሩ እየተዘዋወረ ተመለከተ። ነጂዎቹንና የቀን ሠራተኞቹን ምን እንደ ቸገራቸው ጠየቀ። ከዚያም ማንም ያልጠበቀውን ትእዛዝ ሰጠ፤ በኦገስት መጀመሪያ ላይ ቁፋሮው እንዲቆም አዘዘ።

አገር ምድሩ አፈሩ እንዲበር በሚጮህበት ጊዜ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መስጠት ቀላል አይደለም። ስቲቨንስ ግን ሠራተኛው የሚያድርበት፣ የሚበላውና ከሞት የሚድንበት ሳይዘጋጅ አንድ አካፋ አፈር እንኳ መቈፈር ከንቱ ድካም መሆኑን ተረዳ። በፓናማ ሦስት በሽታዎች አሉ፣ እነርሱም ቢጫ ወባ፣ ወባና ፍርሃት ናቸው፤ ከሁሉም የሚከፋው ፍርሃት ነው ይል ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ የተነሣው ፍርሃትን ለማጥፋት ነው።

በመጀመሪያ ለዶክተር ጎርጋስ የጠየቀውን ሁሉ ሰጠው። ዲን፣ የቢምቢ መግደያ ዱቄትና በረግረጉ ላይ የሚፈስ ነጭ ጋዝ በብዛት ገባ፤ በሺህ የሚቈጠሩ የጽዳት ሠራተኞች በፓናማና በኮሎን ከተሞች ቤት ለቤት እየዞሩ አጠኑ። ቧንቧ ተዘረጋ፣ መንገድ ተነጠፈ። በኖቬምበር 1905 በፓናማ ከተማ በቢጫ ወባ የሞተው የመጨረሻው ሰው ተመዘገበ። በዚህ ረገድ እጅግ የሚያስደንቀው፣ ስቲቨንስ የቢምቢውን ንድፈ ሐሳብ በመጀመሪያ ብዙም እንዳላመነበት በኋላ ራሱ መናገሩ ነው። ነገር ግን የሙያው ባለቤት ጎርጋስ መሆኑን ተገንዝቦ፣ የራሱን ጥርጣሬ ወደ ጎን በመተው የባለ ሙያውን ቃል አከበረ። ኮሚሲዮኑ የመረመረውና የናቀው ይኸው ሐሳብ በስቲቨንስ ዘመን የብዙ ሺህ ሰው ሕይወት አዳነ።

ከዚህ ቀጥሎ ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ የምግብ አዳራሾች፣ ዳቦ ቤቶችና ሥጋ የሚቀመጥባቸው ቀዝቃዛ መጋዘኖች ተሠሩ። የሠራተኛው ቍጥር በ1906 መጨረሻ ወደ 24,000 ደረሰ። ስለ ቁፋሮውም ቢሆን የስቲቨንስ አስተያየት ከቀደሙት የተለየ ነበር። በእርሱ አመለካከት ቦዩ ከቁፋሮ ችግር ይልቅ የማጓጓዝ ችግር ነበር። አፈሩን ቈፍሮ ማውጣት ለመቆፈሪያ መኪናው ቀላል ነው፤ መኪናው ግን ባዶ ፉርጎ ባጣ ቍጥር ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ቀጫጭኑ ሐዲድ በወፍራም ተለወጠ፣ መሥመሩም ድርብ ሆነ፤ በተራራው ደረጃ ደረጃ ላይ ባቡሮቹ ሳይጠባበቁ ባዶ እየወጡ ሙሉ ሆነው የሚወርዱበት ዘዴ ተዘጋጀ። ሐዲዱን ሳይፈታ እንዳለ ወደ ጎን የሚገፋ መሣሪያ በአንዱ ረዳቱ ተፈልስፎ፣ ቀድሞ በመቶ የሚቈጠሩ ሰዎች ይሠሩት የነበረውን ሥራ ጥቂቶች አከናወኑት።

የስቲቨንስ ሦስተኛ አገልግሎት በዋሽንግተን የፈጸመው ነው። የዕውቅ መሐንዲሶች ጉባኤ በ8 ድምፅ ለ5 በባሕር ወለል ልክ የሚቆፈር ቦይ እንዲሠራ ወስኖ ነበር። ስቲቨንስ ግን የቻግሬስን ወንዝ ሙላት በዓይኑ ካየ በኋላ፣ ወንዙን በግድብ አስሮ ሐይቅ በመፍጠር መርከቦችን በሮች ባሏቸው የውሃ ክፍሎች ደረጃ በደረጃ ከፍና ዝቅ እያደረጉ ማሳለፍ ብቸኛው መፍትሔ መሆኑን በሕግ መምሪያው ፊት ቀርቦ ተከራከረ። የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በጁን 1906 ሐሳቡን የተቀበለው በ36 ድምፅ ለ31 ብቻ ነው። ሦስት ሰዎች ተቃራኒውን ቢመርጡ ኖሮ የፈረንሳዮች ስሕተት በተደገመ ነበር።

ስቲቨንስ በ1907 መጀመሪያ ላይ ምክንያቱን በይፋ ሳይገልጽ ሥራውን ለቀቀ። በሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች እንዲቆይ በፊርማቸው ለመኑት፤ ሲሄድም በታላቅ ክብር ሸኙት።

ያልተወደደው ተተኪ

ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሁለት ሲቪል መሐንዲሶች ተከታትለው ስለ ለቀቁበት፣ እንደ ልቡ ጥሎ ለመሄድ የማይችል ሰው ከጦር ሠራዊቱ መረጠ። ይህም ሌተና ኮሎኔል ጆርጅ ዋሽንግተን ጎተልስ ነበር። ሠራተኛው ወታደራዊ አገዛዝ መጣብን ብሎ አዘነ። በማርች 1907 በተደረገው የአቀባበል ሥነ ሥርዓት ላይ ጭብጨባው ሁሉ ለስቲቨንስ ስም ሲሆን፣ አዲሱ ሰው በቀዝቃዛ ፊት ተቀበሉት።

በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ተተኪ የቀዳሚውን ስም በማጥፋት የራሱን ለማግነን ይፈተናል። ጎተልስ ይህን አላደረገም። የወታደር ልብሱን ትቶ በሲቪል ልብስ ሥራውን ጀመረ፤ ጠላታችን ተራራውና ግድቡ ነው፣ ተግባሩን የሚፈጽም ሰው ሁሉ በወታደራዊነት የሚያማርርበት ምክንያት አይኖረውም በማለት አስታወቀ። ስቲቨንስ የዘረጋውን የባቡር ዘዴና የሥራ አደረጃጀት ሳያፈርስ ቀጠለበት። በኋላም ስለ ስቲቨንስ ሲናገር ከታላላቅ መሐንዲሶች አንዱ መሆኑንና ቦዩም የእርሱ ሐውልት መሆኑን መስክሮለታል። ሠራተኛው የሚወደውን የቀድሞ አለቃ የሚያከብር ተተኪ፣ ሠራተኛውንም እንዳከበረ ይቈጠርለታል።

ጎተልስ መተማመንን የገነባው በሦስት መንገዶች ነበር። የመጀመሪያው ሥልጣንንና ኃላፊነትን በአንድነት ማስቀመጥ ነው። በ1908 መጀመሪያ በወጣ ትእዛዝ ሙሉ ሥልጣን በእጁ ሲገባ፣ ሥራውን በቦታ ከፍሎ ለሦስት ኃላፊዎች አስረከበ። የአትላንቲኩን ክፍል ለሻለቃ ዊልያም ሲበርት፣ የመካከለኛውን ለሻለቃ ዴቪድ ጌይላርድ፣ የፓስፊኩን ደግሞ ወታደር ላልሆነው ለሲድኒ ዊልያምሰን ሰጠ። እያንዳንዱ በክልሉ ውስጥ ለሚሠራው ሁሉ ተጠያቂ ሆነ። በወታደሮቹና በሲቪሉ መካከልም ማን በአነስተኛ ወጪ የበለጠ ይሠራል የሚል ጤናማ እሽቅድድም ተፈጠረ።

ሁለተኛው መንገድ ቍጥርን ገሃድ ማውጣት ነው። ከሴፕቴምበር 1907 ጀምሮ በየሳምንቱ አንድ ጋዜጣ ይታተም ነበር። በዚህ ጋዜጣ ላይ እያንዳንዱ የመቆፈሪያ መኪና በሳምንቱ ውስጥ ያወጣው የአፈር መጠን በዝርዝር ይወጣል። የአንዱ መኪና ነጂ የሌላውን ውጤት አይቶ ይቀናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሊበልጠው ይጥራል። ፈረንሳዮች ለባለ አክሲዮኖቻቸው የደበቁትን ዓይነት ቍጥር አሜሪካኖች ለቀን ሠራተኛው ሳይቀር በየሳምንቱ አሳዩት። ምርቱ ከፍ አለ፤ ከምርቱ በላይ ግን ማን እንደ ሠራና ማን እንዳልሠራ በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ ታወቀ።

ሦስተኛውና ይበልጥ የታወቀው የእሑድ ጧት ችሎት ነው። በየሳምንቱ እሑድ ከማለዳ እስከ ቀትር ድረስ የጎተልስ ቢሮ በር ክፍት ይሆናል። አቤቱታ ያለው ሰው ሁሉ፣ ማዕረጉም ሆነ አገሩ ሳይጠየቅ፣ በመጣበት ተራ ይገባል። የደመወዝ ቅሬታ፣ የፎርማን በደል፣ የምግብ ነገር፣ የባልና ሚስት ጠብ ሳይቀር ይሰማ ነበር። አንዳንድ እሑድ ባለ ጉዳዮቹ እስከ መቶ ይደርሱ ነበር። ጎተልስ ሰምቶ የሚቻለውን እዚያው ይወስናል፤ የማይቻለውንም አይቻልም ይላል። በዚያ ሰዓት ያሸነፈው ሰው ምን ያህል እንደ ሆነ ከመቍጠር ይልቅ፣ ቅሬታው ተሰምቶ መልስ ያገኘው ሰው ምን ያህል እንደ ሆነ ማሰብ ይሻላል። በሳምንቱ ውስጥ ፎርማኑ ሠራተኛውን ሲበድል፣ እሑድ መምጣቱን ሁለቱም ያውቃሉ።

ይህ ሁሉ ሲባል ጎተልስ ልበ ገር ሰው ነበር ማለት አይደለም። በ1907 የመቆፈሪያ መኪና ነጂዎች ደመወዝ እንዲጨመርላቸው ጠይቀው ሥራ ባቆሙ ጊዜ እምቢ ብሎ፣ በምትካቸው ሌሎችን አስመጥቷል። ከዶክተር ጎርጋስና ከአንዳንድ የቅርብ ረዳቶቹ ጋርም አይስማማም ነበር። ሠራተኛው ያከበረው ስለ ደግነቱ ሳይሆን፣ ቃሉ ሰኞም እሑድም አንድ ስለ ነበር ነው።

የተራራው ፈተና

ይህ መተማመን የተፈተነው በኩሌብራ ተራራ ቍርጥ ውስጥ ነው። 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይህ ቍርጥ፣ ሙቀቱ፣ የመኪናው ጩኸትና የድማሚቱ ፍንዳታ የማይቋረጥበት ቦታ ነበር። በዲሴምበር 12 ቀን 1908 በባስ ኦቢስፖ 22 ቶን ድማሚት ያለ ጊዜው ፈንድቶ 23 ሰዎች ሞቱ። ከዚህም በተጨማሪ የተራራው አፈር በዝናብ ሲርስ እየተንሸራተተ የወራት ሥራን በአንድ ሌሊት ይደፍነው ነበር። ኩካራቻ በሚባለው ስፍራ የተነሣው ናዳ በ1907 ጀምሮ፣ በ1913 እንደ ገና ቍርጡን ከዳር እስከ ዳር ዘጋው። ተስፋ የቈረጠው ጌይላርድ አሁን ምን እናድርግ ብሎ ቢጠይቅ፣ ጎተልስ እንደ ገና መቈፈር ነዋ ብሎ እንደ መለሰለት ይነገራል።

ይህ መልስ በመጀመሪያው ዓመት፣ በዋላስ ዘመን ቢነገር ኖሮ፣ የሞት ፍርድ ሆኖ በተቈጠረ ነበር። በ1913 ግን ሠራተኛው ሰምቶ አካፋውን አነሣ። ተራራው ያው ነው፤ ሠራተኛው ግን ድካሙ በጋዜጣ እንደሚጻፍለት፣ ቢታመም እንደሚታከም፣ ቢበደል እንደሚሰማ ያውቅ ነበር። ጌይላርድ ራሱ የሥራውን ፍጻሜ ሳያይ በዲሴምበር 1913 አረፈ፤ ቍርጡም በኋላ በስሙ ተጠራ። ቦዩ በኦገስት 15 ቀን 1914 ተከፈተ። አንኮን የተባለችው መርከብ ስታልፍ፣ ጎተልስ ከመርከቡ ላይ ሳይሆን ከዳር ሆኖ በባቡር እየተከተለ ሥራውን ይመለከት ነበር። የአሜሪካኖች ወጪ 352 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን፣ ይህም በ1907 ከተገመተው በ23 ሚሊዮን ያነሰ ነበር።

የመተማመኑ ወሰን

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ያማረ በሆነ ነበር፤ እውነተኛ ግን አይሆንም። በፓናማ ቦይ ሥራ ላይ ሠራተኞች በሁለት መዝገብ ይጻፉ ነበር። በወርቅ የሚከፈላቸው፣ ማለትም በአብዛኛው ነጭ አሜሪካኖች፣ በአንዱ፤ በብር የሚከፈላቸው፣ ማለትም ከባርቤዶስና ከሌሎቹ የካሪቢያን ደሴቶች የመጡት ጥቁሮችና ሌሎች የቀን ሠራተኞች፣ በሌላው። ልዩነቱ በክፍያ ብቻ አላበቃም። የምግብ አዳራሹ፣ መኖሪያ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ትምህርት ቤቱና የፖስታ ቤቱ መስኮት ሳይቀር የወርቅና የብር እየተባለ ይለይ ነበር። የባለ ወርቁ ቤት ቢምቢ በማያስገባ ሽቦ ሲከለል፣ ባለ ብሩ በታጨቀ ጎጆና መጋዘን ውስጥ እርጥብ ልብሱን ለብሶ ያድር ነበር። ሰዓቱም 10 ሳንቲም ያህል ይከፈለው ነበር።

ውጤቱ በሞት መዝገብ ላይ ይታያል። በአሜሪካኖች ዘመን በበሽታና በአደጋ የሞቱት 5,609 ሲሆኑ፣ ከእነዚህ ውስጥ 4,500 ያህሉ ጥቁሮች ነበሩ። ቢጫ ወባ ነጩን ይገድል ስለ ነበር ፈጥኖ ጠፋ፤ ጥቁሩን በብዛት ይገድል የነበረው የሳንባ ምች ግን ዓመታት ቆየ። እሑድ ጧት በጎተልስ በር ላይ የቆመው የባርቤዶስ ሰው ስለ አንድ ፎርማን በደል ለመናገር ይችል ነበር፤ ስለ ሁለቱ መዝገቦች ግን የሚሰማው ዳኛ አልነበረም። ድማሚቱን የቀበረውና ሐዲዱን የተሸከመው አብዛኛው ሠራተኛ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ በቦዩ ታሪክ ውስጥ የገባው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። የወርቅና የብር መዝገብ የሚለው አጠራር እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ ዘልቋል፤ ያስከተለውም ቂም ከዚያ በላይ።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቼ ለማስገንዘብ የምፈልገው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፣ መተማመን በንግግር አይመጣም፤ በቅደም ተከተል ይመጣል። ስቲቨንስ ሠራተኛውን ውደዱኝ አላለም፤ ከቁፋሮው በፊት ውሃውን፣ ቤቱንና ሐኪሙን አስቀደመ። እኛም በመንገድ ወይም በግድብ ሥራ ላይ ካምፕ ስንተክል፣ ከመኪናው ጋራዥና ከሠራተኛው መጸዳጃ ቀድሞ የሚያልቀው የትኛው እንደ ሆነ ራሳችንን ብንጠይቅ፣ የጀመርነው አመራር ምን ዓይነት እንደ ሆነ ወዲያው እንረዳለን።

ሁለተኛ፣ የአንድ መሪ ጠባይ የሚለካው የማያውቀውን ነገር በሚያስተናግድበት መንገድ ነው። ኮሚሲዮኑ የሐኪሙን ቃል ናቀ፤ ስቲቨንስ ባያምንበትም አከበረ። በማዕረግ የበለጠ ሰው ሁሉ በዕውቀት እንደማይበልጥ መቀበል፣ በተለይም አዲስ ዕውቀትና አዲስ መሣሪያ በየጊዜው በሚገባበት የሥራ ቦታ፣ ከትሕትና አልፎ የሥራ ግዴታ ነው።

ሦስተኛ፣ መተማመን ወሰን ካለው፣ ከወሰኑ ውጭ የቀረው ሰው ሒሳቡን አይረሳም። ጎተልስ የከፈተው በር ሰፊ ቢሆንም፣ ሁለቱ መዝገቦች እስካሉ ድረስ ግማሽ በር ነበር። በአንድ ሥራ ላይ ቋሚውና ጊዜያዊው፣ የውጭ አገሩና የአገር ውስጡ፣ የቢሮውና የመስኩ ሠራተኛ በተለያየ ሚዛን በሚመዘኑበት ስፍራ ሁሉ ይኸው ጥያቄ ይነሣል። ሥራው ሊያልቅ ይችላል፤ በሠራተኛው ልብ ውስጥ ያለው ሒሳብ ግን ሳይዘጋ ይቀራል።

የፓናማ ቦይ በ1977 በተፈረመው ውል መሠረት ቀስ በቀስ ወደ ፓናማውያን እጅ ተላለፈ። በ1990 የመጀመሪያው ፓናማዊ አስተዳዳሪ ተሾመ፤ በዲሴምበር 31 ቀን 1999 ርክክቡ ተፈጸመ። ፓናማውያን ቦዩን በሚገባ ለማንቀሳቀስ አይችሉም ብለው የተጠራጠሩ ብዙዎች ነበሩ። እነርሱ ግን ቦዩን ያለ መሰናክል ከማንቀሳቀስ አልፈው፣ በ2016 ከቀድሞዎቹ የሚበልጡ አዳዲስ የውሃ በሮችን ሠርተው ከፈቱ። የሃያ ዓመቱ ሽግግር ሰውን አስቀድሞ አሠልጥኖ፣ ኃላፊነትን ደረጃ በደረጃ ሰጥቶ በመጨረሻ ማስረከብ እንደሚቻል ያሳያል። የብር መዝገብ ሠራተኞች ብዙ ዘሮቻቸው ዛሬም በፓናማ ይኖራሉ። አያቶቻቸው እንደ ሰው ሳይቈጠሩ የቈፈሩት ቦይ የሚተዳደረው ዛሬ በዚያው አገር ዜጎች ነው። በየሥራ ቦታችን ለውጥ በመጣ ቍጥር፣ ከሥዕላዊ ንድፉና ከበጀቱ ጋር ይህንንም ታሪክ ብናስታውስ ይጠቅመናል እላለሁ።